የዛገ ስብ ወይስ የከሰደ ቅባት? ስለ ሕዋስ ገለፈትና ስለ ኢንዛይም የምንጽፍባቸው ቃላት ሂስ

የሳይንስ ሐሳብ በአማርኛ ሲጻፍ ስሕተቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሐሳቡ ሳይሆን ከቃሉ ነው። ጸሐፊው ነገሩን በሚገባ ያውቀዋል፤ ነገር ግን ለማስረዳት የመረጠው ቃል ቀደም ሲል በአንባቢው አእምሮ ሌላ ሥዕል ይዞ የተቀመጠ በመሆኑ፣ አንባቢው የጸሐፊውን መንገድ ትቶ የቃሉን መንገድ ተከትሎ ይሄዳል። ሁለቱ ተለያይተው መቅረታቸውን ግን ሁለቱም አያውቁትም። ቃሉ የታወቀ ስለሆነ ማንም ትርጉሙን አይጠይቅምና፣ እንዲህ ያለው ስሕተት ፈጽሞ ከማይታወቅ የባዕድ ቃል ይልቅ ጎጂ ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር እናቅርብ፤ «የዛገ ስብ የሕዋስን ሽፋን ያበላሻል፤ የኢንዛይሞችንም እንቅስቃሴ ይቀንሳል።» ይህ ዓረፍተ ነገር ከማንም ጽሑፍ የተወሰደ አይደለም። ስለዚህ ጉዳይ በአማርኛ ለመናገር የተነሣ ሰው ቀድመው ወደ አፉ የሚመጡለትን ቃላት አንድ ላይ ለማሳየት ይህ ጸሐፊ ያቀናበረው ነው። ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ እንከን የለበትም፤ ለጆሮም አይከብድም። ሆኖም በውስጡ ካሉት ቃላት ስድስቱ፣ ማለትም «የዛገ»፣ «ስብ»፣ «ሽፋን»፣ «ያበላሻል»፣ «እንቅስቃሴ» እና «ይቀንሳል» የሚሉት፣ እያንዳንዳቸው አንባቢውን ከእውነቱ ትንሽ ትንሽ ያርቁታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ስድስቱን በየተራ መመዘንና የተሻለ ነው የምንለውን ማቅረብ ነው።

ሀ. የነገሩ አካሄድ

ቃሉን ከመመዘን በፊት ነገሩን ማወቅ ግድ ይላል። ሕዋስን ዙሪያውን የከበበው ገለፈት ውፍረቱ ከ4 እስከ 5 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን፣ በአብዛኛው የተሠራው ፎስፎሊፒድ ከሚባሉት ቅባቶችና ከፕሮቲኖች ነው። ጎርተርና ግሬንደል የተባሉ የሆላንድ ተመራማሪዎች በ1925 (በዚህ ጽሑፍ የሳይንስ ግኝቶች ዘመን የሚጠቀሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከቀይ የደም ሕዋሳት ያወጡትን ቅባት በውሃ ላይ ዘርግተው ቢለኩት፣ ስፋቱ የሕዋሳቱን ገጽ ሁለት እጥፍ ያህል ሆኖ አገኙት። ከዚህም ተነሥተው ቅባቱ በሁለት ንብብር የተነጠፈ መሆኑን አስረዱ። እያንዳንዱ የፎስፎሊፒድ ሞለኪውል ውሃ የሚወድ አንድ ራስና ውሃ የሚሸሹ ሁለት ረጃጅም ጭራዎች አሉት። ራሶቹ በውጭም በውስጥም ወዳለው ውሃ ይዞራሉ፤ ጭራዎቹ በመካከል ተደብቀው እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ።

ከጭራዎቹ መካከል ከአንድ በላይ ድርብ ትስስር ያላቸው ለኦክስጅን ጥቃት የተጋለጡ ናቸው። በሁለት ድርብ ትስስሮች መካከል ያለው ካርቦን የያዘው ሃይድሮጅን በቀላሉ ይነጠቃልና። አንድ ነጻ ራዲካል ያን ሃይድሮጅን ሲነጥቅ ጭራው ራሱ ራዲካል ይሆናል፤ ኦክስጅን ወዲያው ይጣበቅበታል፤ ኦክስጅን የተጣበቀበት ጭራ ደግሞ ከጎረቤቱ ሃይድሮጅን ይነጥቃል፤ ጎረቤቱም ከጎረቤቱ። ስለዚህ የመጀመሪያው ነጣቂ አንድ ቢሆንም ተነጣቂዎቹ ብዙ ናቸው። ሰንሰለቱን ከሚበጥሱት ነገሮች ዋነኛው ቪታሚን ኢ ነው፤ እርሱም የራሱን ሃይድሮጅን በፈቃዱ ሰጥቶ ነጠቃውን ያስቆማል። ከሂደቱ በኋላ የሚቀሩት ሃይድሮፔሮክሳይዶች ሲሰባበሩ ማሎንዳያልዲሃይድና 4-ሃይድሮክሲኖነናል የተባሉትን የመሳሰሉ ትናንሽና ቁጡ ሞለኪውሎች ይወጣሉ።

እንግዲህ ቃሎቻችን ሊገልጡት የሚገባው ይህን ነው፤ ነጠቃ አለ፣ መተላለፍ አለ፣ የሚቆምበት መንገድ አለ፣ ቅሪትም አለ።

ለ. «ስብ»

አማርኛ በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። ስብ፣ ጮማ፣ ሞራ፣ ቅቤ፣ ዘይት፣ ቅባት የሚሉት ሁሉ የየራሳቸው ሥፍራ አላቸው። ስብ፣ ጮማና ሞራ በእንስሳ አካል ውስጥ የተከማቸውን የሚያመለክቱ ናቸው። «ስብ» የሚለው ስም ከ«ሰባ» ጋር ስለሚያያዝ፣ አድማጩ ወዲያው የሚያስበው የሰባ በሬን ወይም የወፈረ ሰውን ነው። የሕዋስ ገለፈት ቅባት ግን በቀጭኑም በወፍራሙም ሰው፣ በሣሩም በዛፉም ሕዋስ ውስጥ አለ፤ ከውፍረት ጋር ግንኙነት የለውም። «የዛገ ስብ» ሲባል የሰማ ቀጭን ሰው ነገሩ እርሱን እንደማይመለከተው ቢያስብ አይፈረድበትም።

«ቅባት» የሚለው ስም «ቀባ» ከሚለው ግስ የወጣ እንደ መሆኑ የነገሩን ጠባይ እንጂ የተከማቸበትን ሥፍራ አይናገርም። ስለዚህ ለጠቅላላው ወገን «ቅባት»፣ በአካል ለተከማቸው «ስብ»፣ ፈሳሽ ሆኖ ለሚገኘው «ዘይት» ብሎ መለየት ይበቃል። ይህ አዲስ ቃል መፍጠርን አይጠይቅም፤ ያለንን በየቦታው ማስቀመጥ ብቻ ነው።

ሐ. «የዛገ»

ከስድስቱ ቃላት የበለጠ ክርክር የሚያስነሣው ይህ ነው። ይህ ጸሐፊም ቀድሞ «ዝገት» ይሻላል ከሚሉት ወገን ነበር፤ ምክንያቱም ብረት ሲዝግ በእርግጥ ከኦክስጅን ጋር ይዋሐዳል፤ ቃሉም ገበሬው ከማረሻው፣ የቤት እመቤቷ ከምጣዷና ከቢላዋዋ የሚያውቁት ነው። ነገር ግን ሦስት ነገሮች ሐሳቡን አስለወጡት።

አንደኛ፣ ዝገት የሚታይ ነገር ነው፤ ቀለም አለው፣ ይፋቃል። የቅባቱ ለውጥ ግን አይታይም፤ ተፍቆም አይለቅም። ሁለተኛ፣ ዝገት የብረት ዕጣ ነው ብሎ አማርኛ ወስኗል። ብረት ደግሞ በቅባቱ ታሪክ ውስጥ የራሱ የሆነ ሌላ ድርሻ አለው። ፌንተን የተባለው እንግሊዛዊ ኬሚስት በ1894 እንዳሳየው፣ ብረትና ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ ሲገናኙ ብርቱ ኃይል ይወለዳል፤ በሕዋስ ውስጥም የቅባቱን ሰንሰለት ከሚያስነሡት አንዱ ይኸው ብረት ነው። በ«ዝገት» ቃል እንጽፍ ካልን «ብረቱ ቅባቱን አዛገው» ለማለት እንገደዳለን። አንባቢው የዛገው ብረቱ ነው ወይስ ቅባቱ እያለ ግራ ይጋባል። በ2012 በሳይንሱ ዓለም «ፌሮፕቶሲስ» የሚል ስም የተሰጠው፣ ብረትና የገለፈት ቅባት ለውጥ ተባብረው የሚያመጡት የሕዋስ ሞት በአማርኛ ሲጻፍ ግራ መጋባቱ እጥፍ ይሆናል። ሦስተኛ፣ የሳይንሱ ቃል ኦክስጅን መጨመርን ብቻ ሳይሆን ኤሌክትሮን ወይም ሃይድሮጅን ማጣትንም ይሸፍናል፤ «ዝገት» ይህን ሊሸከም አይችልም።

«ኦክሳይድ ሆነ» የሚለውስ? ይህም በቂ አይደለም። ኦክሳይድ የአንድ ዓይነት ውሕድ ስም ነው፤ ከላይ የተጠቀሱት ሃይድሮፔሮክሳይዶችና አልዲሃይዶች ኦክሳይድ አይደሉም። ሂደቱን በአንድ ውጤቱ ስም መጥራት፣ መጓዝን ሁሉ «ጎንደር መሆን» ብሎ እንደ መጥራት ነው። «ኦክሲዴሽን» ብለን ብንዋስም ችግሩ አይፈታም፤ ስሙን አገኘን እንጂ ግሱን አላገኘንም። አማርኛ ደግሞ ሐሳቡን የሚሸከመው በግስ ነው። ግስ የሌለው ስም «ኦክሲዴሽን ተካሄደበት»፣ «ኦክሲዴሽን እንዲደርስበት ተደረገ» የሚል ጎታታ አነጋገር ያመጣል፤ ማን አደረገ፣ በምን ላይ አደረገ የሚለውም ይጠፋል።

ቋንቋው ከዚህ ቀደም ምን አደረገ ብለን እንጠይቅ። «መነኮሰ» ከግሪክ የመጣ ነው፤ «ፈለሰፈ»ም እንዲሁ። በቅርብ ዘመን ደግሞ «ፋብሪካ» ከሚለው የውጭ ስም «ፈበረከ»፣ «ፍብረካ» ተገኝተዋል። ከአገር ውስጥ ስምም «ከሰል» «ከሰለ»ን ወልዷል። ቋንቋው የባዕዱን ቃል አጽም ተነባቢዎቹን ብቻ አስቀርቶ የራሱን ሥጋ አልብሶታል ማለት ነው። በዚሁ ሕግ «ኦክሳይድ» ከሚለው ውስጥ ክ፣ ስ፣ ድ ይወጣሉ። መነሻው «ኦ» ወደ «አ» ሲጠጋ ደግሞ ከአድራጊ ግስ መነሻ «አ» ጋር ይገጥምልናል። ስለዚህ ልክ እንደ «ወረደ» እና «አወረደ»፣ «ከሰደ» (በራሱ ላይ ለውጡ ደረሰበት) እና «አከሰደ» (ለውጡን በሌላ ላይ አመጣ) የሚሉ ሁለት ግሶች ይቆሙልናል፤ ይከስዳል፣ ያከስዳል።

የዚህ እርባታ ጥቅም በስሞቹ ላይ ጎልቶ ይታያል። «ነደደ» ከሚለው «ነዳጅ»፣ «አወረደ» ከሚለው «አውራጅ» እንደ ወጡ ሁሉ፣ በቀላሉ የሚከስደው ነገር «ከሳጅ»፣ የሚያከስደው ነገር «አክሳጅ» ይሆናል። በአንድ ፊደል ልዩነት ተጠቂና አጥቂ ተለዩ ማለት ነው። ለሂደቱ ስም «ክስደት» ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን በንግግር ጊዜ «ከስደት» ከሚለው ጋር ስለሚምታታ «ክሰዳ» የሚለው ይመረጣል። ቪታሚን ኢን ለመሰለውም «ፀረ-ክሰዳ» ማለት ነው።

አንባቢ ሊያነሣው የሚገባ ተቃውሞ አለ። በግእዝ «ክሣድ» አንገት ነው፤ አዲሱ ግስ ከእርሱ ጋር አይጋጭምን? በዕለት ተዕለት አማርኛ ከዚያ ስም የወጣ በሥራ ላይ ያለ ግስ ስለሌለ፣ በአገባብ ሊምታቱ አይችሉም ብለን እናምናለን። «ሕዋስ» የሚለው ቃል ራሱ ለማየት፣ ለመስማትና ለመሰሉት ስሜቶች መጠሪያ ሆኖ ሳለ ዛሬ ለሕያዋን ሁሉ መሠረት ለሆነው ጥቃቅን አካል ስም ሲሆን ማንም አልተሰናከለም። ቅርጹን ማንም አስቀድሞ ቢያቀርበው ወይም ቢያሻሽለው የእኛ ክርክር በእርባታው ላይ ነው፤ ግስና ስም፣ አድራጊና ተደራጊ ከአንድ ሥር ይውጡ ነው የምንለው።

መ. «ሽፋን»

ሽፋን በአንድ ነገር ላይ የሚደረብ፣ ቢነሣም ነገሩን እንዳለ የሚተው ነው። የመጽሐፍ ሽፋን ቢቀደድ መጽሐፉ ይነበባል። የሕዋስ ገለፈት ከተነሣ ግን ሕዋስ የሚባል ነገር አይቀርም። ከዚህም በላይ ገለፈቱ የሚያስገባና የሚያስወጣ፣ የሚመርጥና የሚከለክል ነው። ሲንገርና ኒኮልሰን በ1972 ባቀረቡት አስተያየት መሠረት ቅባቶቹ በገጹ ላይ እንደ ፈሳሽ ይንሸራተታሉ፤ ፕሮቲኖቹም በቅባቱ ውስጥ ተሰክተው እንደ ተንሳፋፊ ይዋኛሉ።

«ገለፈት» በሽንኩርት ላይ እንደምናየው ስስነትን ያመለክታል፤ ከነገሩም ጋር አብሮ የበቀለ ነው። ጉድለቱ ሰው ልጦ የሚጥለው መሆኑ ነው። ሆኖም ከሁለት ጉድለት ያላቸው ቃላት የሚመረጠው ጉድለቱ በትምህርት ሊታረም የሚችለው ነው። «ገለፈቱ ሕያው ነው» ብሎ ማስተማር አያስቸግርም። «ሽፋኑ የነገሩ አካል ነው» ብሎ ማስተማር ግን ከቃሉ ጋር መታገል ነው።

ሠ. «ያበላሻል»

ይህ ቃል ሁሉንም ስለሚል ምንም አይልም። እናቶቻችን በጓዳ የሚጠቀሙበት አማርኛ ከዚህ ይልቅ ትክክለኛ ነው። ሽሮው ሻገተ፣ ወተቱ ቆመጠጠ፣ ዘይቱ ከረፋ፣ ቅቤው በሰለ ይላሉ። በገበያም ለጋ ቅቤና በሳል ቅቤ ዋጋቸው ይለያያል፤ በሳል ቅቤን «የተበላሸ» ያለ ሰው ነገር አያውቅም ይባላል። በእርግጥም በቅቤው መብሰል ውስጥ ዋናው ነገር ክሰዳ አይደለም። ሊፔዝ የተባሉ ኢንዛይሞች በውሃ እየታገዙ ቅባቱን ሲሰነጥቁ፣ ቡቲሪክን የመሳሰሉ አጫጭር አሲዶች ነጻ ወጥተው ያን የታወቀ ሽታ ይሰጡታል።

የኑግ ዘይት ግን ሌላ ነው። ከ100 እጅ 70 ገደማ የሚሆነው ጭራው ሁለት ድርብ ትስስር ያለው ሊኖሌይክ አሲድ በመሆኑ ከሳጅነቱ ከፍ ያለ ነው። ከተልባ ዘይት ደግሞ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሆነው ሦስት ድርብ ትስስር ያለው ሊኖሌኒክ አሲድ ነው። ተልባ ተፈጭቶ ሲቆይ ቶሎ የሚከረፋውም ስለዚህ ነው። ብርሃን፣ ሙቀት፣ አየርና የብረት ርዝራዥ ክሰዳውን ያፋጥኑታል። በአንጻሩ ሰሊጥ የራሱ ፀረ-ክሰዳ ስላለው ዘይቱ ይቆያል። መሻገት ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው፤ እርሱ የሻጋታ ሥራ እንጂ የኦክስጅን አይደለም። መብሰል፣ መክሰድና መሻገት እንዲህ ተለይተው ሳሉ፣ ሦስቱንም «ተበላሸ» ብሎ መጨፍለቅ ከጓዳው ዕውቀት ወደ ኋላ መመለስ ነው።

ሌላም ጉዳት አለ። «የተበላሸ ዘይት ሕዋስህን ያበላሻል» የሚል ምክር የሰማ ሰው ነገሩ ከመጥበሻው ወደ ሕዋሱ በቀጥታ የሚሄድ ይመስለዋል። በገለፈት ውስጥ የሚገኘው የከሰደ ቅባት ግን በአብዛኛው እዚያው በገለፈቱ ውስጥ የከሰደ ነው። ሕዋስ በኦክስጅን እስከ ኖረ ድረስ ነጣቂዎችን ራሱ ያመነጫልና። የከረፋ ዘይት ለጤና የማይመከር ቢሆንም፣ መጥበሻውና ሕዋሱ ሁለት የተለያዩ ሥፍራዎች መሆናቸውን ቃላችን ማስታወስ አለበት።

ታዲያ ገለፈቱ ምን ይሆናል? የከሰደው ጭራ ኦክስጅን ስለ ተሸከመ ውሃ መሸሹን በከፊል ይተዋል፤ ቅባት በሞላው መካከለኛ ክፍል መቀመጥ አይመቸውም፤ ወደ ውሃው ገጽ ቀና ይላል። በዚህ ጊዜ ንብብሩ ወደ ጎን ይሰፋል፣ ወደ ውስጥ ይሳሳል፤ ውሃና ጨውም ባልተፈቀደላቸው መንገድ ይሾልካሉ። ውሎ አድሮ ቁጡዎቹ ቅሪቶች ፕሮቲኖችን እርስ በርስ ሲያስተሳስሩ ገለፈቱ ይደድራል። ሳሳ፣ ላላ፣ ሾለከ፣ ደደረ፤ እነዚህን አራት ግሶች ማንም አማርኛ ተናጋሪ ያውቃቸዋል፤ እያንዳንዳቸውም አንድ ላቦራቶሪ ሊለካው የሚችለውን ነገር ይናገራሉ። «ተበላሸ» ግን አይለካም።

ረ. «እንቅስቃሴ» እና «ይቀንሳል»

«የኢንዛይም እንቅስቃሴ» የሚለው ከባዕዱ ቋንቋ ቃል በቃል የተወሰደ ነው። በዚያ ቋንቋ አንዱ ቃል ሥራንም መንቀሳቀስንም ስለሚይዝ ችግር የለም። በአማርኛ ግን መንቀሳቀስ ከቦታ መነቃነቅ ነው። በሌላ ርዕስ ይህ ስሕተት ይታለፍ ይሆናል፤ እዚህ ግን አይታለፍም። የገለፈት ፕሮቲኖች በእርግጥ ይንሸራተታሉ፤ መንሸራተታቸው አንድ ነገር ነው፣ ሥራቸው ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ ይለካሉ። ስለዚህ ለመጀመሪያው «እንቅስቃሴ»፣ ለሁለተኛው «የኢንዛይም ሥራ»፣ በቁጥር ሲገለጥም «የሥራ መጠን» ማለት ይገባል።

ምሳሌ የሚሆነን ዴንማርካዊው የንስ ስኩ በ1957 የገለጠውና በ1997 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት ሶዲየምንና ፖታሲየምን የሚያመላልሰው ኢንዛይም ነው። ይህ ኢንዛይም በአንድ የኤ.ቲ.ፒ. ወጪ 3 ሶዲየም ያስወጣል፣ 2 ፖታሲየም ያስገባል። የሚሠራው በቅባት ተከቦ ስለሆነ ቅባቱ ሲከስድ የእርሱም ሥራ ይታወካል። መታወኩ ግን በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ዙሪያው ስለ ተለወጠበት እንደ ልብ መሥራት ሲያቅተው ነው። ሁለተኛው 4-ሃይድሮክሲኖነናልን የመሰለ ቅሪት ሲስቴይን፣ ሂስቲዲን ወይም ላይሲን ከተባሉት የፕሮቲኑ ክፍሎች ጋር ሲቆራኝ ነው። «ይቀንሳል» የሚለው ሁለቱን አይለይም። ለመጀመሪያው «ይገታል» የሚለው ይስማማል፤ የተገታ ፈረስ ልጓሙ ሲላላለት ይጋልባልና። ለሁለተኛው «ያመክናል» የሚለው ይስማማል፤ ሰው ፈንጂ ሲመክን የሚለው ይህንኑ ነው። ኢንዛይሙ በቦታው አለ፣ ሥራው ግን የለም።

ከዚህም ሌላ ሁሉም ኢንዛይም ሥራው አይቀንስም። ፎስፎሊፔዝ ኤ2 ከተባሉት ኢንዛይሞች አንዳንዶቹ የከሰደውን ጭራ እየለዩ ስለሚቆርጡ፣ ገለፈቱ ሲከስድ ሥራቸው ይበረታል። ስለዚህ ለጠቅላላው «ያውካል» ማለት እንጂ «ይቀንሳል» ማለት ሐሰት ይሆናል።

«ይቀንሳል» ሌላም ወጥመድ አለበት። የክሰዳ ተቃራኒ የሆነው ሂደት በምዕራባውያን ቋንቋዎች የሚጠራበት ቃል ዛሬ መቀነስንም ያመለክታል። ኡርሲኒና የሥራ ባልደረቦቹ በ1982 ያገኙት፣ ዛሬ ጂ.ፒ.ኤክስ.4 ተብሎ የሚጠራው ኢንዛይም የከሰደውን ቅባት በገለፈቱ ውስጥ እንዳለ ጠግኖ ጉዳት ወደማያመጣ መልክ ያደርሰዋል። ይህን «የከሰደውን ቅባት ይቀንሳል» ብሎ የተረጎመ ሰው የጠጋኙን ሥራ ወደ ጠራጊ ሥራ ይለውጠዋል። የባዕዱ ቃል በላቲን መሠረቱ ወደ ኋላ መመለስ ማለት ነው። ስለዚህ «መለሰ» እና «ምልሰት» ብንል ከመሠረቱም ከኬሚስትሪውም እንስማማለን፤ ኢንዛይሙ የከሰደውን ይመልሳል።

ሰ. ነገሩ ለምን ያሳስባል?

ይህ ሁሉ የቃል ጨዋታ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ቀይ የደም ሕዋስን እናስብ። በኦክስጅንና በብረት የተሞላ ነው፤ ኒውክለስ ስለሌለው የተበላበትን ኢንዛይም እንደገና መሥራት አይችልም፤ እንዲህ ሆኖ 120 ቀን ያህል መኖር አለበት። ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሰዎች፣ በአገራችንም ለሚገኘው የቫይቫክስ ወባ የሚሰጠውን ፕሪማኪን ሲወስዱ ቀይ የደም ሕዋሶቻቸው ሊፈርሱ ይችላሉ። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ የማክሰድ ኃይል ያላቸው ነገሮች ይወጡታል፤ የእነዚህ ሰዎች ሕዋስ ደግሞ የሚመልስበት አቅም ያንሰዋል።

አንድ የጤና ባለሙያ ይህን ለበሽተኛው እንዴት ያስረዳዋል? «መድኃኒቱ ደምህን ያዝገዋል» ቢለው በሽተኛው ብረት የበዛበት ይመስለዋል። «ደምህን ያበላሸዋል» ቢለው መድኃኒቱ መርዝ ነው ብሎ ይጥለዋል፤ ለሌላው ሕዝብም ያወራል። ሁለቱም ቃላት «ለሌላው ሰው ደኅና የሆነው ለእኔ ለምን ይጎዳል?» ለሚለው ተገቢ ጥያቄ መልስ አይሰጡም። «መድኃኒቱ የማክሰድ ጠባይ አለው፤ የብዙ ሰው ደም የከሰደውን ይመልሳል፤ ያንተ ደም ግን መመለሻው ያንሳል» ቢለው፣ አዲስ የሆነበትን አንድ ግስ ባለሙያው በምሳሌ ያስረዳዋል፤ የቀረውን በሽተኛው በራሱ ቋንቋ ይከተላል። ምክንያቱን የተረዳ ሰው ጥንቃቄውን አይረሳም።

ስያሜ የሚመዘነውም በዚህ ነው። ጥሩ ስያሜ ማለት ያማረ ወይም ጥንታዊ የሆነ ስያሜ አይደለም፤ «ማን፣ በማን ላይ፣ እንዴት?» ለሚሉት ጥያቄዎች ሳይደናቀፍ የሚመልስ ነው። በመጀመሪያ ያቀረብነው ዓረፍተ ነገር በዚህ መሠረት ሲታረም እንዲህ ይሆናል፤

«የከሰደ ቅባት የሕዋስን ገለፈት ያሳሳል፣ ያሾልካል፣ ውሎ አድሮም ያደድራል፤ በገለፈቱ የሚገኙትን ኢንዛይሞች ሥራ ያውካል፤ አንዳንዱን ይገታል፣ አንዳንዱን ያመክናል፣ አንዳንዱንም ያበረታል።»

ዓረፍተ ነገሩ ከመጀመሪያው ረዝሟል። ሆኖም ከ«ከሰደ» በስተቀር በውስጡ ለአንባቢው አዲስ የሆነ ግስ የለም፤ እያንዳንዱም ግስ ሊመረመር የሚችል አንድ ነገር ይናገራል። «ከሰደ»ን የማይቀበል የሙያ ባልደረባ ከእርሱ የተሻለና እንደ እርሱ የሚረባ ግስ ያቅርብ፤ ይህ ጸሐፊ «ዝገት»ን እንደ ተወ ሁሉ እርሱንም ለመተው ዝግጁ ነው። የማይቀበለው ግን ግስ አልባ ሆነን እንቀጥል የሚለውን ሐሳብ ነው።